ባለቤት ያጣ ሱቅ፦ የኅብረት መደብር ታሪክ ከድሬዳዋ የባቡር ከተማ እስከ ላስታ ደጋ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሱቅ ነው። የላስታ ታሪክ ሲነሣ የለመድነው ስለ ዛጔ ነገሥታት፣ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ገዳማት መነጋገርን ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከነአኩቶ ለአብ አካባቢ ተነሥቶ ለቅዳሜ ገበያ ላሊበላ የሚመጣ ገበሬ፣ ገብሱን ወይም ዶሮውን ሸጦ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጨው ስንት ገባ? ዘይት ስንት ሆነ? ሳሙናስ?» የዚህ ጥያቄ መልስ የአንድን ቤተ ሰብ ወር ያቀናል ወይም ያዛባል። ስለዚህ የሱቅ ታሪክ ከታሪክ ጥናት ሊወጣ አይገባውም።

ንግግሬ በተለይ የሚያተኩረው በኅብረት መደብር፣ ማለትም ሸማቾች ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው በሚከፍቱት ሱቅ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ሱቅ በአገራችን በአንድ ወቅት በየከተማው ቀበሌ ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያም አብዛኛው ተዘጋ። የተዘጋበትን ምክንያት ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠን መልስ «ዕቃ ጠፋ» የሚል ነው። እኔ ግን የኅብረት ሱቅን የሚገድለው ከዕቃ እጦት ይልቅ የባለቤት እጦት ነው እላለሁ። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ከላስታ ራቅ ብዬ ወደ ባቡር ከተማው ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር እሄዳለሁ፤ በመጨረሻ ወደ ደጋችን እመለሳለሁ።

፩. መንገድና ዋጋ

ከሱቅ በፊት መንገድ ይቀድማል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ የሰቆጣ ገበያ ከዋነኞቹ መገናኛዎች አንዱ ነበር። አሞሌ የሚበላ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቁጥርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የላስታና የዋግ ሰው የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ሳይገልጥ የሚያውቀው እውነት አለ፦ የዕቃ ዋጋ ውስጥ የመንገዱ ርዝመትና በመንገዱ ላይ እጁን የዘረጋው ሰው ብዛት ተቆጥረው ይገባሉ።

ባቡር ይህን ስሌት በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ኃይል ሆኖ መጣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ፣ ከሊዮን ሼፍኑ ጋር በተቋቋመው ኩባንያ አማካይነት ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። መስመሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው አቀበት ወጪውን ስላከበደው ሐዲዱ በግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ቀረ። በደቻቱ ወንዝ ዳር አዲስ ከተማ የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው። በወንዙ አንድ ወገን መንገዶቹ በቀጥታ የተቀየሱበት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያውን ያቀፈው መጋላ አደጉ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው ዐረብ ከአገሬው ነጋዴ ጎን ሱቅ ከፈቱ። ዛሬ በየመንደራችን የምንጠራበት «ሱቅ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ መሆኑ የዚህ ዓይነቱን ንግድ ታሪክ ያስታውሰናል። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው።

የባቡር ከተማ ሱቅ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ከባሕር የመጣው ጨርቅ፣ ስኳርና ላምባ፣ ከደጋ ከወረደው ቡናና ቆዳ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ሆኖም ሐዲድ የማጓጓዣን ወጪ ይቀንሳል እንጂ የተቀነሰው ወጪ ለማን እንደሚደርስ አይወስንም። ነጋዴው ዋጋውን ካልቀነሰ፣ ከጣቢያው መቶ እርምጃ ርቆ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ከባቡሩ የሚያገኘው ፉጨቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሐዲድ የማያቋርጥ ዋስትናም አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን ሲወርር የባቡሩ ድልድዮች ተሰባብረው መስመሩ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ የባቡር ከተማው ያለ ባቡር ቀረ። እንግዲህ ዕቃው ከመጣም በኋላ ሆነ ሲቋረጥ፣ «ሱቁ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቆያል።

፪. ሸማች ባለቤት ሲሆን

ለዚህ ጥያቄ ዓለም የሚያስታውሰው መልስ የተሰጠው በእንግሊዝ አገር የጨርቃ ጨርቅ ከተማ በሆነችው ሮችዴል ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች የሚገኙባቸው 28 መሥራቾች ባዋጡት 28 ፓውንድ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። በመጀመሪያው ቀን የነበራቸው ዕቃ ቅቤ፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። በዚያችው ከተማ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ተመሳሳይ ሱቅ ተከፍቶ ነበር፤ በዱቤ ሲሸጥ ዕዳው ሳይመለስ ቀርቶ ተዘጋ። አዲሶቹ መሥራቾች ከዚያ ተምረው በእጅ በእጅ ብቻ ለመሸጥ ቆረጡ። ሚዛኑ ሙሉ፣ ዕቃው ያልተቀላቀለ እንዲሆን፣ እያንዳንዱም አባል ያዋጣው ገንዘብ ቢበዛም ቢያንስም አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው ደነገጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የሮችዴል ሱቅ ዕቃውን ከገበያ በታች አልሸጠም፤ የሸጠው በገበያ ዋጋ ነበር። በየሩብ ዓመቱ ግን ከወጪ የተረፈውን ለአባላቱ በገዙት ልክ መለሰላቸው። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት አባል በዓመት ውስጥ የ12,000 ብር ዕቃ ብትገዛና ማኅበሩ ከሽያጩ መቶ ብር አራት ብር ለመመለስ ቢወስን፣ 480 ብር ይደርሳታል። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። ነገር ግን 480 ብር እንጂ 380 ብር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ስትል መዝገቡ ሲነበብ ትሰማለች፤ ሻጩ ሲሰርቅ የሚጎድለው ከእርሷ መሆኑን ታውቃለች። የትርፍ ክፍፍሉ ሸማቹን ተቆጣጣሪ ያደርገዋል። የኅብረት ሱቅ አሠራር ልብ ያለው እዚህ ነው።

በአገራችንም ይህ አሳብ ከአብዮቱ በፊት በሕግ ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የእርሻ ሠራተኞችን ኅብረት ሥራ የሚመለከት ድንጋጌ ቁጥር 44፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ወጥተዋል። ሆኖም አብዛኛው የአገራችን ሰው የኅብረት ሱቅን ያወቀው በሌላ በር ገብቶ ነው።

፫. የቀበሌ ሱቅ

ያ በር የቀበሌ በር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበር አደራጀ። የቤት ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌው እንዲያስተዳድር ተደረገ። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. የገበሬና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን የሚያጠናክሩ አዋጆች ተከተሉ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ወጣ። በዚህ ሂደት በከተማ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ፣ በገጠር የአገልግሎት ማኅበር ሱቅ ተስፋፋ።

ይህን ሱቅ ከመጽሐፍ ብቻ አላውቀውም፤ በልጅነቴ በሰልፉ ላይ ከቆሙት አንዱ ነኝ። እናቴ ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሰጠኝና «እንዳትጥለው፣ ስኳሩን ሳትይዝ እንዳትመጣ» ትለኝ ነበር። ካርዱ ላይ የቤተ ሰቡ ቁጥር ተጽፏል፤ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ክብሪቱ፣ አልፎ አልፎም አቡጀዲው በዚያ ልክ ይሰፈራል። የዚያን ሱቅ በጎ ነገር መካድ አይገባም። ድኻው ከባለጠጋው እኩል የሚቆምበት ሰልፍ ነበር፤ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ዕቃውም በተገኘ ጊዜ ከግል ሱቅ በብዙ ይረክሳል። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ የወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ እህል በየገበያው በውድ ዋጋ ይሸጥ እንደነበር ለሚያስታውስ ትውልድ፣ በተወሰነ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ነገር ግን ከሮችዴል ጋር እናወዳድረው። የሱቁን ዕቃ የሚመርጠው ማን ነው? ከላይ የሚመጣው ኮታ ነው። ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው? መንግሥት ነው። ሰው አባል የሚሆነው ለምንድን ነው? ነዋሪነቱና ካርዱ ከቀበሌው ስለሚገኝ፣ ከዚያ ውጭ ስኳር ስለሌለ ነው። ዕጣ ገዝቷል፤ ሆኖም የዕጣውን ደረሰኝ ከሳጥን ሥር አኑሮ ረስቶታል፤ ትርፉን ጠይቆ አያውቅም። ሕጉ ባለቤት ብሎታል፤ ሰልፉ ግን ተቀባይ አድርጎታል። ሰው በተቀባይነት ለዓመታት ሲኖር የሚለምደው ጥያቄ «ዛሬ ምን መጣ?» የሚል ነው። «ሒሳቡ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይለምድም፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከሱቅ ሒሳብ ያለፈ ትርጉም ሊሰጠው ይችል ነበር።

በድሬዳዋና በላስታ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ነገር ያጎላዋል። በድሬዳዋ የቀበሌው ሱቅ ባዶ ቢሆን፣ በባቡሩም በግመሉም ከጅቡቲ በኩል የሚገባው የኮንትሮባንድ ዕቃ አለ። ሸማቹ አማራጭ ስላለው ከቀበሌው ሱቅ ጋር ያለው ግንኙነት የላላ ነው። በላስታ ግን ዕቃ የሚደርሰው ከወልዲያ በጋሸና በኩል በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእንስሳት ጀርባ ነው፤ አማራጭ ጠባብ ነው። እንግዲያው የላስታ ሸማች ሱቁን አጥብቆ መያዝ፣ የድሬዳዋው መተው ይገባቸው ነበር። ፍጻሜው ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነ፤ በዚያም በዚህም የኮታው ምንጭ ሲደርቅ ሱቁ አብሮ ደረቀ። የዕቃ ብዛትና ጥበት ምክንያቱ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ በተለያየ ነበር። ሁለቱ የሚጋሩት የአሠራሩን ጉድለት ነው።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያን ሲያውጅ፣ በገጠር የአምራቾች ማኅበራት አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ ወቅት ደግሞ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘንና ሱቅ በአካባቢው ሰው ተዘረፈ። ይህን ስንሰማ «ሕዝቡ የገዛ ንብረቱን ዘረፈ» እንላለን። ለታሪክ ተማሪ ግን ድርጊቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ሰው የራሱን ጎተራ አይዘርፍም። ያንን መጋዘን የሰበረው እጅ ንብረቱ የራሱ እንደ ሆነ አያምንም ነበር።

፬. አዲስ ሕግ፣ አሮጌ ልማድ

በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 የኅብረት ሥራን በአዲስ መሠረት ላይ ለማቆም ሞከረ። አባልነት በፈቃድ ሆነ፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ ተባለ፤ ከተጣራው ትርፍ መጠባበቂያ ተቀንሶ ቀሪው ለአባላት እንዲከፋፈል ተደነገገ። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። በጽሑፍ ደረጃ ከሮችዴል ብዙ አንርቅም።

ልማድ ግን ከአዋጅ ይዘገያል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኑሮ ውድነቱ ሲያይል፣ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛውን አነሣው። ከዚያ በኋላ ስኳር፣ የፓልም ዘይትና የስንዴ ዱቄት በድጎማ ዋጋ ለሕዝብ የሚደርሱበት ዋና መንገድ የሸማቾች ማኅበራት ሱቅ ሆነ። የመንግሥት ዓላማ ሊነቀፍ አይገባም፤ ችግረኛ ሕዝብ ዘይት ያስፈልገዋል። ውጤቱ ግን የቀድሞው ጥያቄ ተመልሶ መምጣቱ ነው፦ «ዘይት መጣ ወይ?» ዘይት በመጣ ቀን ሱቁ ይጨናነቃል፤ ባልመጣበት ቀን ጸሐፊውና ሚዛኑ ብቻቸውን ይውላሉ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምሰጠው አንድ መመዘኛ አለ፤ ዛሬም ለእናንተ አቀርበዋለሁ። የአንድን ሸማቾች ማኅበር ጤንነት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ «ኮታው ነገ ቢቆም ሱቁ ከነገ ወዲያ ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አይከፈትም ከሆነ፣ ያያችሁት የማከፋፈያ መስኮት ነው፤ የኅብረት ሱቅ ለመባል ገና ነው።

፭. የእድሩ መዝገብ

ታዲያ ሕዝባችን ማኅበር ማስተዳደር አይችልም ማለት ነው? እንዲህ የሚል ሰው እድር አያውቅም። በእድር ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙ ይጠራል፤ ድንኳኑ ቢቀደድ፣ ድስቱ ቢጎድል ይጠየቃል። በዕቁብ ዳኛው ዋስ ሳይቀበል ገንዘብ አይሰጥም። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ተራው የደረሰው ሰው ተበድሮም ቢሆን ይደግሳል። እነዚህን ማንም በአዋጅ አላቋቋማቸውም፤ ሥርዓት ተለዋውጦ፣ ጦርነትና ረኃብ ተፈራርቆ አላፈረሳቸውም። ምክንያቱ አባሉ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ማወቁና አለቃውን እርሱ ራሱ መምረጡ ነው።

ይሁን እንጂ እድርን እንዳለ ወስደን ሱቅ ማድረግ አንችልም። የእድር ሒሳብ ቀላል ነው፤ ገቢው የታወቀ፣ ወጪው በሞት ጊዜ ብቻ ነው። የሱቅ ሒሳብ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል፤ ዕቃ ይበላሻል፣ ዋጋ ይለዋወጣል፣ ሚዛን ይሳሳታል። ስለዚህ የዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ፣ የወር ቆጠራ፣ ሰው የሚተማመንበት የሒሳብ ምርመራ ያስፈልጋል። እድሩ ያለው መተማመንን ነው፤ ሱቁ የሚጠይቀው ሙያን ነው። እስካሁን ሁለቱን አገናኝተን አናውቅም። ለማኅበራቱ ሙያተኛ ስንልክ እምነቱን ከላይ እናመጣለን፤ እምነቱ ባለበት ደግሞ ሙያ አንልክም።

ከሁሉም የሚከብደው የዱቤ ጉዳይ ነው። በቋንቋችን «መሸመት» በጥንቱ ትርጉሙ እህል መግዛት ነው፤ ለገበሬ ደግሞ ሸማች መሆን ጎተራው መጉደሉን ማመን ነበር። በደጋችን ብዙ ቤት ከሰኔ እስከ መስከረም ሸማች ነው። በነዚያ ወራት የሚያበድረው የመንደሩ ባለሱቅ ነው። በውድ ያበድር ይሆናል፤ ቢሆንም በጨለማ ወር በሩን አይዘጋም። የኅብረት ሱቅ የሮችዴልን ሕግ ተከትሎ «ዱቤ የለም» ቢል፣ አባሉ በችግሩ ጊዜ ወደዚያው ባለሱቅ ይሄዳል፤ በደኅናው ጊዜም ከእርሱ ይገዛል፤ ባለ ውለታው ነውና። ዱቤ ቢፈቅድ ደግሞ ሱቁ እንደ መጀመሪያው የሮችዴል ሱቅ በዕዳ ይሞታል። መውጫው ሁለቱን ሥራ መለየት ይመስለኛል። ሱቁ በእጅ በእጅ ይሽጥ፤ አጠገቡ አባላቱ ራሳቸው የሚቆጥቡበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ይኑር፤ የክረምቱ ብድር ከዚያ ይምጣ። ዕዳው ቢዘገይ እንኳ የጨው ከረጢት ባዶ አይሆንም።

፮. ለላስታ ዛሬ

ይህን ሁሉ የምናገረው ላለፈው ብዬ አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መስመር ሥራ በጦርነቱ ተስተጓጎለ እንጂ አሳቡ አልተተወም። አንድ ቀን ባቡር ከወልዲያ አጠገብ ዕቃ ሲያራግፍ፣ ሰሜን ወሎም የባቡር ከተማ ይኖረዋል። ያን ጊዜ የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል። የተቀነሰው ለላስታ ገበሬ ይደርሳል ወይስ በመንገድ ይቀራል? የድሬዳዋ ታሪክ የሚነግረን ሐዲዱ ይህን እንደማይመልስልን ነው። መልሱ የሚሰናዳው ባቡሩ ሳይመጣ፣ በትንሹ ሱቅ መዝገብ ላይ ነው።

የኅብረት ሱቅ ሊያደርግ የማይችለውንም ልናገር። ገቢ አይፈጥርም። በወረርሽኙ ዘመን እንግዳ ሲቋረጥ፣ ከዚያም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ሲገባ፣ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛውና ዕደ ጥበብ ሻጩ ያጡት የዕለት ጉርሳቸውን ነው። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ትክክለኛ ሚዛን ምን ይጠቅመዋል? ይህ እውነት ነው። ሆኖም ሰው ያለችውን ጥቂት ብር ሲያወጣ ሙሉ ኪሎ ማግኘቱ፣ ብዙ ካለው ሰው ይልቅ ለእርሱ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ለመጀመር ለሚያስቡ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በጥቂት ዕቃ ጀምሩ፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ላምባ ሁሉም ቤት የሚገዛቸው ናቸው፤ ሮችዴልም የጀመረው በአምስት ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ኮታ ሲመጣ በደስታ ተቀበሉ፤ ሒሳቡን ግን ለብቻው መዝግቡ፤ የራሳችሁ ንግድ ያተርፍ ወይም ይክሰር እንደ ሆነ በኮታው ሽያጭ አይሸፈንባችሁ። ሦስተኛ፣ ሒሳቡን ሰው ቀድሞውኑ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ በእድሩ ቀን፣ ድምፅን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችለው አባል መስማት ይችላል፤ የሰማ ደግሞ ይጠይቃል።

ለእናንተ ለተማሪዎቻችን ደግሞ። ነገ የሒሳብ መርማሪ፣ የኅብረት ሥራ ባለሙያ፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ትሆናላችሁ። ወደ አንድ ማኅበር ሱቅ ስትገቡ መደርደሪያውን ከማየታችሁ በፊት መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገበትን ቀን ጠይቁ፤ ትርፍ መቼ እንደ ተከፋፈለ፣ ከአባላቱ ስንቱ ዕጣቸው ስንት እንደ ሆነ እንደሚያውቁ ጠይቁ። በርቀት ያሉትን ማኅበራት ምርመራ ለከርሞ አታሳድሩባቸው። ሒሳቡ ሳይመረመር ሦስት ዓመት የቆየ ማኅበር፣ ሌባ ባይኖርበትም እንኳ አባላቱ ሌባ እንዳለበት ያምናሉ፤ ማኅበሩንም ለማፍረስ ይህ እምነታቸው ይበቃል።

በኅብረት ሥራ በዓላት ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እንሰማለን። ተረቱ እውነት ነው። የአያቶቻችን ድር በእድሩና በሰንበቴው አሁንም አለ። የእኛ ትውልድ የቤት ሥራ ያንን ድር ወደ ሱቁ መዝገብ ማድረስ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁንና ትችታችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ በቀበሌ ሱቅ የሠራችሁ ወይም በኮሚቴ ያገለገላችሁ አባቶችና እናቶች ካላችሁ ቅድሚያውን ለእናንተ እሰጣለሁ።